ዘይቱን በሌለበት አገር፦ የጸጉርና የቆዳ ቅባት በወሎ ሙስሊሞች ልማድና በፊቅህ ድርሳናት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮምቦልቻ ከተማ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ አንዲት እናት ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጇን ይዛ ከመስጊዱ በር ላይ ጠበቀችኝ። የልጁ ራስ በቆረቆር ተበልቶ ነበር፤ ጸጉሩ በየቦታው ረግፎ ቆዳው ተላልጧል። እናቲቱ በእጇ የያዘችው ትንሽ ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነበር። በጠርሙሱ ወረቀት ላይ፣ ጥቁሯ ፍሬ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ መሆኗን የሚያወሳው ሐዲስ በዐረብኛና በአማርኛ ታትሟል። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ቀብታዋለች። «ኡስታዝ፣ ሐዲሱ ሐቅ ነው አይደል? ታዲያ የልጄ ራስ ለምን አልሻረም?» አለችኝ።

ይህች እናት ስለ ልጇ ራስ የጠየቀችውን ያህል ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል መጠየቋ ነበር። ሻጩ ሐዲሱን ከዕቃው ጋር አስሮ ሸጦላታል፤ ዕቃው ሳይሠራ ሲቀር ሐዲሱም በልቧ ውስጥ አብሮ ተናወጠ። መምህራንና ኢማሞች የሆንን ሁሉ በየጊዜው የምንጠየቀው ጥያቄ ስለሆነ፣ ከመልሱ በፊት የነገሩን ታሪክ መመርመር ተገቢ ነው። ሐዲሶቹ የሚናገሩት ስለ የትኛው ቅባት ነው? የወሎ ሙስሊሞች በምን ይቀቡ ነበር? የፊቅህ ሊቃውንትስ ስለ ቅባት ሲጽፉ ያሳሰባቸው ምን ነበር? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሱናው ያዘዘው ሰውነትን በንጽሕና መያዝንና ጸጉርን ማክበርን ሲሆን፣ የቅባቱ ዓይነት ግን እንደ አገሩና እንደ አየሩ የተተወ ነው። ይህን የለየ መምህር ሐዲሱንም ሕመምተኛውንም ይጠብቃል።

የመዲና ዘይት ከየት ይመጣ ነበር?

ቅዱስ ቁርኣን የዘይቱንን ዛፍ በክብር ያነሳል። በሱረቱ አን-ኑር 35ኛ አንቀጽ የብርሃኑ ምሳሌ የሚለኮሰው ከተባረከች የዘይቱን ዛፍ ነው፤ በሱረቱ አል-ሙእሚኑን 20ኛ አንቀጽም ከሲና ተራራ የምትበቅል፣ ቅባትንና ለበዪዎች ማባያን የምታፈራ ዛፍ ተጠቅሳለች። ቲርሚዚይ (ሞት 279 ሂ.) እና ኢብኑ ማጀህ (ሞት 273 ሂ.) ከዑመር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይቱን እንዲበሉትና እንዲቀቡት አዘዋል፤ ምክንያቱንም ከተባረከች ዛፍ የሚወጣ በመሆኑ አስረድተዋል። ቲርሚዚይ ራሱ በሐዲሱ ሰነድ ላይ መዋዠቅ እንዳለ፣ አስተላላፊው አንዳንዴ ዑመርን ጠቅሶ አንዳንዴም ሳይጠቅስ እንዳወራው አልሸሸገም። ከኋላ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ ከሌሎች መንገዶች ጋር አያይዘው ተቀብለውታል።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ነገር ግን አለ። መዲና የተምር አገር እንጂ የዘይቱን አገር አልነበረችም። ቡኻሪይ (ሞት 256 ሂ.) በሰለም፣ ማለትም ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ ዕቃው በኋላ በሚረከብበት ሽያጭ ምዕራፍ ውስጥ፣ ሶሓቦች ለሻም ነበጦች ገንዘብ አስቀድመው እየሰጡ ስንዴ፣ ገብስና ዘይት ይገዙ እንደነበር ከዐብዱላህ ኢብኑ አቢ አውፋ (ረ.ዐ.) አስተላልፏል። ስለዚህ በመዲና ቤቶች የነበረው ዘይት በግመል ተጭኖ ከሻም የሚመጣ የነጋዴ ዕቃ ነበር። የሐዲሱ ባለቤቶች ራሳቸው ዘይቱን ከማይበቅልበት ምድር ሆነው ይጠቀሙበት ነበር ማለት ነው።

ስለ ጸጉር የመጡት ሐዲሶች ደግሞ የቅባቱን ስም አይጠሩም። አቡ ዳውድ (ሞት 275 ሂ.) ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፈው ሐዲስ ጸጉር ያለው ሰው እንዲያከብረው ታዟል። ከጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) በተላለፈው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጸጉሩ የተንጨባረረ ሰው አይተው፣ ይህ ሰው ጸጉሩን የሚያረጋጋበት ነገር አያገኝምን ብለው ጠይቀዋል። «የሚያረጋጋበት ነገር» የሚለው አነጋገር ክፍት ነው። ሙስሊም (ሞት 261 ሂ.) ከጃቢር ኢብኑ ሰሙራ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈውም፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥቂት ሽበት ጸጉራቸውን በተቀቡ ጊዜ አይለይም ነበር፤ ሳይቀቡ ሲቀሩ ግን ይታይ ነበር። በዚህም መቀባታቸው በትክክለኛ ዘገባ ጸንቷል፤ በምን እንደተቀቡ ግን ዘጋቢው አልነገረንም።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ሰልማን አል-ፋሪሲይ (ረ.ዐ.) ስለ ጁሙዓ ያስተላለፉትና ቡኻሪይ የመዘገበው ሐዲስ ነው። በጁሙዓ ቀን የሚታጠብ፣ የቻለውን ያህል የሚጸዳ፣ ከራሱ ቅባት የሚቀባ ወይም ከቤቱ ሽቶ የሚነካ ሰው፣ የሶላቱን ሥርዓት ከጠበቀ፣ በሁለቱ ጁሙዓዎች መካከል ያለው ኃጢአቱ እንደሚማርለት ይነግረናል። ቅባቱ «የራሱ» ነው፤ ሽቶውም «የቤቱ» ነው። ሰውየው ከሩቅ አገር ልዩ ዘይት እንዲያስመጣ አልተጠየቀም፤ በእጁ ባለው እንዲሰናዳ ነው የተፈለገው። ከዚህም ጋር፣ ከዐብዱላህ ኢብኑ ሙገፈል (ረ.ዐ.) በተላለፈው ሐዲስ ጸጉርን ማበጠር ቀን እየዘለሉ እንጂ በየዕለቱ የሚደከምበት ነገር እንዳይሆን ተከልክሏል። መርሁ መካከለኛ ነው፤ መንጨባረርም የለም፣ በጌጥ መጠመድም የለም።

የኢብኑል ቀይዪም ምደባና የወሎ አየር

ደማስቆ የኖሩት ኢብኑል ቀይዪም (ሞት 751 ሂ./1350 እ.ኤ.አ.) በዛዱል መዓድ ነቢያዊ ሕክምናን በሚመለከተው ክፍል ስለ ቅባት ሲጽፉ ሁለት ነገር ይነግሩናል። አንደኛ፣ እንደ ሒጃዝ ባሉ ሞቃት አገሮች መቀባት ጤናን ከሚጠብቁ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ፣ ለነዋሪዎቹም እንደ ግድ የሚቆጠር ሲሆን፣ የብርድ አገር ሰዎች ግን አያስፈልጋቸውም፤ ራስ ላይ ማብዛቱም ለዓይን ያሰጋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ካልተቀላቀሉት ቅባቶች ጠቃሚዎቹን በተራ ሲያስቀምጡ መጀመሪያ የዘይቱን ዘይት፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ ከዚያም የሰሊጥ ዘይት ይላሉ።

ለዓይን ያሰጋል የሚለው አስተያየት የዘመናቸው ሕክምና ነው፤ እኛ ልንይዘው አንገደድም። ከዚህ ገጽ የምንማረው የአሠራር ስልቱን ነው። ሊቁ ሐዲሱን በእጃቸው ይዘው አየሩን ይጠይቃሉ፣ አገሩን ይለያሉ፤ የሒጃዝን ፍላጎት በሌላው አገር ላይ አይጭኑም።

ይህን ስልት ወደ እኛ አገር ስናመጣው ትርጉሙ ጎልቶ ይታያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከ25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት በኋላ የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷ ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። አንድ ሰው ፈጅርን ደሴ ላይ በብርድ ሰግዶ ዙህርን ባቲ ላይ በላብ ሊሰግድ ይችላል። ኢብኑል ቀይዪም በሒጃዝና በሌሎች አገሮች መካከል ያዩት ልዩነት በእኛ ዘንድ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ይገኛል።

ቅቤ፣ ሰሊጥና ጉሎ

ዘይቱን የሚለው ቃል በአማርኛ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ከወይራ ጋር ይያያዛል። ትርጉሙ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በተራራችን ላይ የሚበቅለው ወይራና የሻም ዘይቱን አንድ ዘር ናቸው። ይሁን እንጂ የእኛ ወይራ ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ በመሆኑ ዘይት አይጨመቅለትም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ ያጥኑበታል፤ አባቶቻችን ጥርሳቸውን ይፍቁበታል። በሐሪማ የተቀመጠ ደረሳ ስለ ተባረከችው ዛፍ ሲማር የሚታየው ከኮረብታው ላይ ያለው ወይራ ነው፤ ቅባቱን ግን ከዚያ ዛፍ አላገኘውም። ስለዚህ የመቀባቱን ሥራ የተሸከሙት ሌሎች ቅባቶች ነበሩ።

ቀዳሚው ቅቤ ነው። ቅቤ በኢብኑል ቀይዪም ምደባ ሁለተኛ ደረጃ የያዘ መሆኑ የወሎን እናቶች የሚያስደስት ነው። ራስን በቅቤ መቀባት በእስልምና ብቻ ወይም በክርስትና ብቻ የተወሰነ ልማድ አልነበረም፤ የደጋውም የቆላውም፣ የአማራውም የኦሮሞውም የአፋሩም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ሦስት ዓመት ያህል የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ እንደ አገሬው ራሱን በቅቤ መቀባት እንደለመደ በጉዞ መጽሐፉ ላይ አስፍሯል። ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ የደጋውን እህልና የቆላውን ከብት፣ ጨውና ቅቤ ሲያገናኝ የኖረ ነው፤ ለምግብ የተገዛው ቅቤም ለሹሩባ ይተርፍ ነበር።

ከፍሬ የሚወጡት ቅባቶች ደግሞ የቆላው ሰሊጥ፣ የደጋው ኑግ፣ በየአጥሩ ሥርና በየወንዙ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው ጉሎ ናቸው። የጉሎ ታሪክ ረጅም ነው። ተክሉ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. ከልደት በፊት 1550 ገደማ በተጻፈውና የኤበርስ ፓፒረስ ተብሎ በሚጠራው የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የሴት ጸጉር እንዲያድግ የጉሎ ፍሬ ተደቁሶ እንዲቀባ ተመክሯል። ሄሮዶቱስ ግብፃውያን ከጉሎ የሚያወጡትን ቅባት ለመቀባትና ለመብራት እንደሚጠቀሙበት ጽፏል፤ ስትራቦም የሚቀቡት በተለይ ድሆቹና ሠራተኞቹ እንደነበሩ አክሏል። የዐረብኛ የመድኃኒት መጻሕፍት «ኺርወዕ» እያሉ ወረሱት፤ ኢብኑ ሲና (ሞት 428 ሂ./1037 እ.ኤ.አ.) በቃኑን፣ የመላጋው ኢብኑል በይጧር (ሞት 646 ሂ./1248 እ.ኤ.አ.) በቀላል መድኃኒቶች መድበሉ ውስጥ ይጠቅሱታል።

በእኛ አገር የጉሎ ፍሬ ምጣድ ይታሰስበታል፤ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችም ቆዳውን ያለሰልሱበታል። ቅባቱን ለማውጣት ፍሬው ተቆልቶ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያ በውሃ ሲፈላ ከላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ይቀዳል። ይህ ድካም ያለ ጥበብ አይደለም። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለበት፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ አኝኮ የዋጠ ልጅ ለሞት ሊደርስ ይችላል። መርዙ ግን ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ በአተላው ውስጥ ይቀራል፤ በሚገባ የተፈላ እንደሆነም ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ዘይቱን ከላይ መቅዳትና አተላውን ከልጅና ከከብት ማራቅ የሥራው ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዘይቱ ወፍራምና የሚያጣብቅ ስለሆነ እርጥበትን በቆዳና በጸጉር ላይ ያቆያል፤ ደረቅ ጸጉር እንዳይሰባበር ይረዳል። አዲስ ጸጉር ያበቅላል የሚለው ግን በበቂ ጥናት የተደገፈ አይደለም።

ቅባት በሐሪማው ትምህርት

ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ሥራቸው እንዳሳዩት፣ ወሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእስልምና መታደስ ማእከል ነበረች። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ካቀኑት ከጀማ ንጉሥ አንስቶ፣ በቃሉ ምድር ሐጂ ቡሽራ (ሞት 1863 እ.ኤ.አ.) እስከኖሩበት ጌታ ድረስ የትምህርትና የዚክር ቦታዎች ተዘርግተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በሙስሊሙ ላይ የደረሰው የግዳጅ ጫና ብዙ ሊቃውንትን ቢያሳድድም ትምህርቱ አልተቋረጠም። በእነዚህ ሐሪማዎች የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች ጎን ለጎን ይቀራሉ።

አንድ ደረሳ በፊቅህ ድርሳናት ውስጥ ቅባትን የሚያገኘው በውበት ምዕራፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለምና። የሚያገኘው በዉዱእ፣ በጁሙዓ፣ በኢሕራምና በዒዳ ምዕራፎች ተበታትኖ ነው። ይህ አቀማመጥ ራሱ ትምህርት ነው፤ ፉቀሃእ ቅባትን የመረመሩት ከዒባዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የዉዱእና የትጥበት ጉዳይ ነው። ኢማም ነወዊይ (ሞት 676 ሂ./1277 እ.ኤ.አ.) በመጅሙዕ ሁለት ዓይነት ቅባት ይለያሉ። ፈሳሽ ቅባት በአካል ላይ ወዙ ቢቀርና ውሃው ቆዳውን ነክቶ ቢፈስ፣ ውሃው ባይረጋበትም እንኳ ዉዱኡ ይጸናል። ረግቶ ውሃን ከቆዳ የሚጋርድ ነገር ግን መነሣት አለበት። በሐነፊይ መዝሀብም የቅባት ወዝ ብቻውን ዉዱእን አይከለክልም። ይህ ልዩነት ለወሎ ሰው የመጽሐፍ ልዩነት ብቻ አይደለም። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሆነ በባቲ ፀሐይ ወርዶ ወዝ ይሆናል፤ በደሴ ውርጭ ግን በራስ ላይ ረግቶ ያድራል። አንዱ ቅቤ በአንዱ ከተማ እንደ ፈሳሽ፣ በሌላው እንደ ጋራጅ ይቆጠራል። የጉሎና የሰሊጥ ዘይት ደግሞ በሁለቱም ቦታ ፈሳሽ ነው። ስለሆነም በደጋ ያለች ሴት ለግዴታ ትጥበት ስትዘጋጅ የረጋውን ቅቤ በሙቅ ውሃ እንድታስለቅቅ ማስተማር ይገባል። ሹሩባን በተመለከተ፣ ሙስሊም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈው ጸጉሯን አጥብቃ የምትጎነጉን ሴት ለጀናባ መፍታት ሳያስፈልጋት ሦስት ጊዜ በራሷ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይበቃታል፤ ሻፊዒዮች ግን ያለ መፍታት ውሃው ወደ ውስጥ የማይደርስ ከሆነ መፍታትን ግዴታ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው የኢሕራም ጉዳይ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ሙሕሪም የራሱንና የጺሙን ጸጉር ሽታ በሌለው ዘይት እንኳ መቀባት ተከልክሏል፤ የሐጅ ተጓዥ ጸጉሩ የተንጨባረረ መሆኑ የዒባዳው አካል ነውና። ሦስተኛው የኢሕዳድ ጉዳይ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን በምትቆይበት ጊዜ ከሽቶና ጸጉርን ከመቀባት ትታቀባለች። ዛሬ በሱቅ የሚሸጡት ዘይቶች አብዛኞቹ ሽቶ የተቀላቀለባቸው በመሆናቸው ይህን ለሐጅ ተጓዦችና ለባልቴቶች ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

እነዚህን ሦስት ቦታዎች ከጁሙዓው ሐዲስ ጋር ስናስተያያቸው አንድ መስመር ይታያል። በጁሙዓ መቀባት ይወደዳል፤ በኢሕራምና በሐዘን መተው ይታዘዛል። ቅባት በሸሪዓ ዓይን የመሰናዳት ምልክት ነው፤ ሲቀባ ለደስታና ለጉባኤ፣ ሲተው ለመዋረድና ለሐዘን። ከፉቀሃእ መካከል ቅባትን በዚህ ምክንያት የተወደደ ሲያደርግ ስለ ዘይቱ ዓይነት የተጨነቀ አናገኝም።

ጥቁር አዝሙድ፦ ከፍሬ ወደ ጠርሙስ

አሁን ወደዚያች እናት ጠርሙስ እንመለስ። የጥቁር አዝሙድ ሐዲስ በቡኻሪይና በሙስሊም የተዘገበ፣ በትክክለኛነቱ ጥርጥር የሌለበት ነው። ሐዲሱ ግን የሚናገረው ስለ ፍሬዋ ነው። ቡኻሪይ ከሐዲሱ ጋር አያይዞ አንድ ታሪክ ያስተላልፋል። ጋሊብ ኢብኑ አብጀር በጉዞ ላይ ታሞ ሳለ ኢብኑ አቢ ዐቲቅ ሊጠይቀው መጣ፤ ከጥቁሯ ፍሬ አምስት ወይም ሰባት ወስደው እንዲደቁሱና ከዘይት ጠብታ ጋር በሁለቱ የአፍንጫው ቀዳዳዎች እንዲያንጠባጥቡ መከራቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘይቱ የጥቁር አዝሙድ ጭማቂ አይደለም፤ የተደቆሰችው ፍሬ የምትሟሽበት ሌላ ዘይት ነው። መጠኑም፣ መንገዱም፣ ሁኔታውም ተለይቷል።

የወሎ እናቶች ልማድም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ጥቁር አዝሙድን በድፎ ዳቦና በበርበሬ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ጉንፋን ሲይዝም ፍሬውን አሽተው በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ያሸቱታል። ይህን ሲያደርጉ የኢብኑ አቢ ዐቲቅን ታሪክ ላያውቁ ይችላሉ፤ መንገዱ ግን ያው የአፍንጫ መንገድ ነው። የተጨመቀው ዘይት በጠርሙስ ሆኖ ለራስና ለቆዳ ቅባት የተለመደው በቅርቡ፣ ከንግድ ጋር ነው። መጠቀሙ የተፈቀደ ነው፤ ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል፣ በውስጡ ያለው ቲሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገርም በተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ትኩረት አግኝቷል። ይሁንና በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ብርቱ መቆጣትና ውሃ መቋጠር እንዳስከተለ በሕክምና ተመዝግቧል። ስለዚህ ፊትን ወይም ራስን ከመቀባት በፊት በክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ማየት ብልህነት ነው።

«ለበሽታ ሁሉ» የሚለው አገላለጽስ? የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ አልሸሹትም። ኸጧቢይ (ሞት 388 ሂ./998 እ.ኤ.አ.) ቃሉ በአነጋገሩ ጠቅላላ ቢሆንም የተፈለገበት የተለየ መሆኑን፣ በአንድ ተክል ውስጥ የበሽታን ሁሉ ተቃራኒ የሚያሟላ ባሕርይ እንደማይሰበሰብ አስረድተዋል፤ በዘመናቸው አነጋገር በብርድና በእርጥበት የሚመጡትን በሽታዎች ይመለከታል አሉ። ሌሎች ደግሞ ጠቅላላነቱን ይዘው፣ አንዳንዴ ብቻዋን አንዳንዴም ከሌላ ጋር ተቀላቅላ፣ እንደ በሽታው ዓይነት ትውላለች ብለዋል። ኢብኑ ሐጀር (ሞት 852 ሂ./1449 እ.ኤ.አ.) በፈትሑል ባሪ ሁለቱንም አስፍረዋል። በሁለቱም አስተያየት ውጤቱ አንድ ነው፤ የትኛውን በሽታ፣ በምን መጠን፣ በምን መንገድ የሚለው ለባለሙያ የተተወ ነው። ማንኛውንም ቁስል በማንኛውም ጠርሙስ መቀባት በቂ ነው ያለ ሊቅ የለም።

የኢማሙ ኃላፊነት

ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ፈንገሱ ወደ ጸጉሩ ሥር ስለሚገባ ከላይ የሚቀባ ነገር፣ ዘይትም ሆነ የመድኃኒት ቅባት፣ ብቻውን አይደርስበትም፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን በሐሪማ ሳለን በአንድ ምላጭ ተላጭተናል፣ በአንድ ኮፍያ ተቀያይረናል፣ በአንድ አጎዛ ላይ ተኝተናል፤ በሽታው እንዴት ከራስ ወደ ራስ እንደሚሄድ በአካላችን አይተነዋል። ያኔ መርፌና ኪኒን ሩቅ ነበሩ። ዛሬ ግን ጤና ጣቢያው በመስጊዱ ሠፈር ሳለ ልጁን ሦስት ወር በጠርሙስ ማቆየት ለቀሩት የቂርአት ልጆችም መትረፉ አይቀርም።

ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ የገጠር ዐረቦች መታከምን ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ አላህ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒቱን ያላኖረለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢይና ኢብኑ ማጀህ ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ የሚያክም ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ተደንግጓል። ይህ ሁለተኛው ሐዲስ በጠርሙሶቹ ወረቀት ላይ ሲታተም አላየሁም፤ ሻጩ ሊረሳው ይችላል፤ ኢማም ግን ሊረሳው አይገባም። እኛ ከሚንበር ላይ ሆነን አንድን ዘይት ለአንድ በሽታ ስናዝ ይህ ተጠያቂነት በአንገታችን ላይ ይወድቃል።

ለዚያች እናት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። «አብሽሪ እህቴ፣ ሐዲሱ ሐቅ ነው። ሐዲሱ ስለ ፍሬዋ ተናገረ እንጂ ይህ ጠርሙስ የልጅሽን ራስ ያድናል አላለም። መታከምም የእሳቸው ትእዛዝ ነው። ልጁን ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ እስኪሻረው ኮፍያውን ለሌላ ልጅ አትስጪ።» ዘይቱን እንድትጥለው አልነገርኳትም። የልጁ ራስ ሽሮ ጸጉሩ ሲመለስ፣ ለጁሙዓ ስታዘጋጀው ልትቀባው ትችላለች።

መደምደሚያ

የመዲና ሰዎች በሻም ዘይት፣ የወሎ ሰዎች በቅቤ፣ በሰሊጥና በጉሎ ተቀብተዋል። ሁሉም አንድ ሱና አድርሰዋል፤ ለጌታቸው ቤት ተሰናድተው ቀርበዋል። ዘይቱን በሌለበት አገር ሱናው አልጎደለም፤ ሐዲሱ ቅባቱን «የራሱ» ብሎታልና። የእኛ የመምህራን ድርሻ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስተማር ነው፤ ጸጉርን ማክበር ሱና ነው፤ የቅባቱ ዓይነት ልማድ ነው፤ በሽታን ማከም ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ሦስቱ ሲደባለቁ የሚጎዳው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ የሐዲሱም ክብር በገበያ ዕቃ ዋጋ ይመዘናል። ወሏሁ አዕለም።